የጃማይካ የእሁድ ማዕድ በቤታችሁ፦ ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ እስከ እሁድ ከሰዓት

ጃማይካ ውስጥ የእሁድ ምግብ ከሳምንቱ ምግብ ሁሉ ይለያል። በአዘቦቱ ቀን ሰው ከመንገድ ዳር ፓቲ (ሥጋ የተሞላ የተጋገረ ሊጥ) ገዝቶም ቢሆን ውሎውን ይገፋል። ቅዳሜ ደግሞ ዱባና ያም የተባለ ሥራ ሥር የገባበት ወፍራም ሾርባ ይበቃል። እሁድ ግን ቤተሰቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሙሉ ማዕድ ይጠብቀዋል፦ በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝና ቦሎቄ፣ ጠቆር ባለ መረቅ የተሠራ ዶሮ፣ ጥቅል ጎመን፣ የተጠበሰ ፕላንቴን (ተበስሎ የሚበላ ሙዝ መሳይ ፍሬ)፣ ከጎኑም ቀዝቃዛ መጠጥ። የሚበላውም ዘግየት ብሎ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ።

ወደ ድስቱ ከመግባታችን በፊት እሁድ ለምን እንዲህ እንደከበረች መናገር እፈልጋለሁ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1655 ደሴቲቱን ከስፔን ከነጠቁ በኋላ ጃማይካ የስኳር አገዳ ምድር ሆነች። ከአፍሪካ ተግዘው የመጡት ሰዎች ሳምንቱን ሙሉ ለጌቶቻቸው ሲለፉ ሰንብተው እሁድ ለራሳቸው ትተርፋቸው ነበር። በዚያች ቀን በየኮረብታው ጥግ በተተወላቸው ቁራሽ መሬት ላይ ያም፣ ካሳቫ፣ ፕላንቴንና ቦሎቄ ያለማሉ፤ የተረፋቸውን ይዘው የእሁድ ገበያ ይወጣሉ። ሙሉ ነጻነት የመጣው እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1838 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ረጅም ዓመታት ሰው የራሱን ላብ ራሱ የሚበላባት ቀን እሁድ ብቻ ነበረች ማለት ነው። የዛሬው የእሁድ ድስት ክብር ከዚያ የተወረሰ ይመስለኛል፤ ይህን ማዕድ በጥድፊያ መሥራት ደስ የማይለኝም ለዚህ ነው። ዋናው ምክሬም ይኸው ነው፦ ሥራውን ቅዳሜ ማታ ጀምሩ። እሁድ ጠዋት ተነስቶ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማድረስ የሚሯሯጥ ሰው ሩዙም ዶሮውም ጣዕም ይጎድለዋል።

ምን ያስፈልጋል?

ልኬቱ ለ6 ሰው ነው። አንድ ኩባያ ስል 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው።

ለሩዝና ቦሎቄው፦
- 1 ኩባያ ደረቅ ቀይ ቦሎቄ
- 3 ኩባያ ረጅም ፍሬ ሩዝ
- 1 ጣሳ (400 ሚሊ ሊትር) የኮኮናት ወተት፣ ወይም 1 ሙሉ ኮኮናት
- 3 ራስ ቅጠሉ ያልተቆረጠ ቀጭን ሽንኩርት፤ ከጠፋ ግማሽ ባሮ ሽንኩርት
- 3 ፍንጣቂ ነጭ ሽንኩርት፣ 4 ዘለላ ጦስኝ፣ 8 ፍሬ ፒሜንቶ
- 1 ሙሉ ስኮች ቦኔት ቃሪያ
- ጨው

ለዶሮው፦
- 1 ዶሮ (1.5 ኪሎ ገደማ)
- 2 ሎሚ
- 1 ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ራስ ቀጭን ሽንኩርት፣ 5 ፍንጣቂ ነጭ ሽንኩርት
- አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ ጦስኝ
- 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ፒሜንቶ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው
- 2 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ካቻፕ
- 2 ካሮት፣ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ቡናማ ስኳር

ለጎን ምግቡና ለመጠጡ፦ ግማሽ ጥቅል ጎመን፣ 2 በጣም የበሰለ ፕላንቴን፣ 2 ኩባያ የደረቀ ከርከዴ፣ ጥሩ መጠን ያለው ዝንጅብል፣ ጥቂት ቅርንፉድና ስኳር።

ከእነዚህ ውስጥ የሚያስቸግሩት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ፒሜንቶ ነው፤ ደርቆ ቁንዶ በርበሬን የሚመስል፣ ግን ተለቅ ያለ ፍሬ። ሲሸት ቅርንፉድም፣ ቀረፋም፣ ገውዝም አለበት። ዛፉ በጃማይካ በብዛት የሚበቅል ሲሆን እንጨቱና ቅጠሉ ጀርክ የሚባለው የታወቀ በቅመም የታሸ ሥጋ ይጠበስበታል። እስራኤል ያላችሁ ሱቅ ገብታችሁ «ፒልፔል አንግሊ» ብትሉ ይሰጧችኋል፤ የሊባኖስና የሶርያ ቅመም የሚሸጡ ሱቆች ደግሞ «ባሃር ሄሉ» ይሉታል። ጨርሶ ካልተገኘ 3 ፍሬ ቅርንፉድ፣ ትንሽ ስባሪ ቀረፋና ቁንጥር ገውዝ አንድ ላይ ተጠቀሙ። ያው ባይሆንም አያሳፍርም።

ሁለተኛው ስኮች ቦኔት ነው። እጅግ ያቃጥላል፣ ግን የፍራፍሬ መዓዛ አለው፤ የሚፈለገውም መዓዛው ነው። ሀባኔሮ የቅርብ ዘመዱ ስለሆነ ሳትሰጉ ተኩት። ለንደን ብሪክስተን ገበያ ወይም ኒው ዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ባሉ የካሪቢያን ሱቆች ሁለቱም ይገኛሉ። አገር ቤት ላለ ሰው ያልተቀደደ ትኩስ የሚያቃጥል ቃሪያ ያገለግላል። የደረቀ ሚጥሚጣ ግን አትጨምሩ፤ ማዕዱን ወደ ሌላ ምግብ ይለውጠዋል። ጦስኝን በተመለከተ የእኛው ጦስኝ ከእነሱ ጋር አንድ ዘር ነው፤ ሽታው በረታ ስለሚል ብቻ ቀነስ አድርጉት።

ቅዳሜ ማታ

*1. ቦሎቄውን ዘፍዝፉ።* ለቅማችሁ እጠቡትና በብዙ ውኃ ሸፍናችሁ አሳድሩት።

*2. ዶሮውን አጥባችሁ ቅመሙ።* የጃማይካ እናቶች ዶሮ በሎሚ ወይም በአቼቶ ሳያጥቡ ድስት አያስገቡም፤ ለዶሮ ወጥ ዶሮ አገላብጦ በሎሚና በጨው ሲያጥብ ላደገ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም። አበላለቱ ግን ከእኛ ይለያል። እኛ በየመገጣጠሚያው ጠብቀን 12 ብልት እናወጣለን፤ እነሱ አጥንቱን ጨምረው ትንንሽ አድርገው ይከትፉታል፣ መቅኒው መረቁ ውስጥ እንዲገባ። ከባድ ቢላ ከሌላችሁ ባለሱቁ እንዲቆርጥላችሁ አድርጉ። የተሰባበረ የአጥንት ስንጥር እንዳይቀር አንድ በአንድ እዩት።

ሽንኩርቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ ጦስኙን፣ ፒሜንቶውን፣ ቁንዶ በርበሬውን፣ ጨውንና ሶያ ሶሱን ከዶሮው ጋር በእጃችሁ በደንብ እሹት። ከድናችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር። አንድ ሌሊት ያላደረ ዶሮ መረቁ ይጣፍጥና ሥጋው ባዶ ይሆናል።

*3. ከርከዴውን ጣሉ።* ጃማይካውያን ከርከዴን ሶረል ይሉታል፤ የገና መጠጣቸው ነው። በተራ እሁድ በብዛት የሚቀርበው ኮንደንስድ ወተትና ገውዝ የገባበት የካሮት ጭማቂ ነው። እኔ ከርከዴውን የመረጥኩት ሌሊቱን አድሮ እሁድ ሥራ ስለማያበዛና ፍሬው በኢትዮጵያም በዓረብ አገሮችም በቀላሉ ስለሚገኝ ነው። 2 ሊትር ውኃ አፍሉና ከእሳት አውርዱት። ከርከዴውን፣ የተፈቀፈቀ ዝንጅብል (አንድ እፍኝ ያህል)፣ 6 ፍሬ ቅርንፉድና 6 ፍሬ ፒሜንቶ ጨምራችሁ ክደኑት። ዝንጅብሉን አትሰስቱ፤ ጉሮሮ ላይ ካልተሰማ ሶረል አልተባለም። በማግሥቱ አጥልላችሁ በስኳር አጣፍጡት። ለገና ሲሆን ብዙ ቤት ጠንካራ ነጭ ሩም ይጨመርበታል። ለልጆች የሚሆነውን አስቀድማችሁ ለዩ።

እሁድ ጠዋት፦ ሩዝና ቦሎቄ

የማዕዱ ዋና ይህ ነው። ዶሮው በፍየል ካሪ ወይም በዓሣ ቢቀየር ማንም አይከፋውም፤ ሩዝና ቦሎቄ የሌለበት እሁድ ግን እሁድ አይመስልም። በገና ሰሞን ቦሎቄው ይቀርና ያኔ የሚደርሰው የርግብ አተር ይገባበታል።

የዘፈዘፋችሁበትን ውኃ ድፉት። ቦሎቄውን በ6 ኩባያ አዲስ ውኃና በነጭ ሽንኩርቱ ጥዳችሁ በኃይለኛ እሳት ቢያንስ 10 ደቂቃ ሙሉ አፍሉት። ይህን ደረጃ አትዝለሉ፤ በደንብ ያልፈላ ቀይ ቦሎቄ ሆድ የሚያውክ መርዛማ ነገር አለበት፣ በለዘብታ ሙቀት ብቻ በሚሠራ የኤሌክትሪክ ድስት ደግሞ አይጠፋም። ከዚያ እሳቱን ቀንሱና ከ1 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይብሰል። በሁለት ጣት ሲይዙት ሳይታገል መላም አለበት፤ ከሩዙ ጋር ይበስላል ብላችሁ ጥሬ አትተውት፣ ጨውና ኮኮናት ከገቡ በኋላ ፍሬው እንደልብ አይለሰልስም።

የተቀቀለበትን ቀይ ውኃ በፍጹም አትድፉ። የሩዙ መልክ የሚመጣው ከእሱ ነው።

ሙሉ ኮኮናት ያላችሁ ስበሩት፣ ነጩን ክፍል ከቅርፊቱ ለዩና ከ2 ኩባያ ለብ ያለ ውኃ ጋር ፍጩት፤ በንጹሕ ሻሽ ጠቅልላችሁ ጭመቁት። የጣሳው ይቀልላል፣ በእጅ የተጨመቀው ግን ሩዙ ሲደርስ ላዩ ላይ ስስ ዘይት ያወጣል፤ ጃማይካውያን አያቶች የሚመኩበት እሱን ነው። ጊዜ ካላችሁ አንዴ ሞክሩት።

አሁን የኮኮናት ወተቱን ቦሎቄው ላይ ጨምሩ። ቀጭኑን ሽንኩርት በቢላ ጀርባ ቀጥቅጣችሁ ሙሉውን አስገቡ፤ ጦስኝ፣ ፒሜንቶና 2 የሻይ ማንኪያ ጨው አስከትሉ። 10 ደቂቃ ይንተክተክ፣ ከዚያ መረቁን ቅመሱ፤ ትንሽ ጨው የበዛበት ከመሰላችሁ ልክ ነው፣ ሩዙ ይወስደዋል። ቦሎቄውን ሳይጨምር ፈሳሹ 5 ኩባያ ያህል መሆን አለበት፤ ካነሰ ውኃ ሙሉበት። ሩዙን ውኃው ጥርት እስኪል አጥባችሁ ጨምሩና አንድ ጊዜ ብቻ አማስሉት። የባለሙያዎቹ መለኪያ ጣት ነው፦ ፈሳሹ ከሩዙ በላይ አንድ የጣት አንጓ ያህል ከፍ ይላል።

ቃሪያውን ሙሉውን፣ ከነ ጭራው፣ ከላይ አስቀምጡት። እንዳይፈነዳ ተጠንቀቁ። ሳይቀደድ ሲበስል መዓዛውን ብቻ ይሰጣል፤ ከፈነዳ ድስቱ በሙሉ ያቃጥላል፣ ልጆችም አይበሉትም። መፍላት ሲጀምር እሳቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጉ፤ ድስቱን በፎይል ሸፍናችሁ ክዳኑን ከላይ ግጠሙበትና 25 ደቂቃ ተዉት። አትክፈቱ፣ አታማስሉ፤ የተማሰለ ሩዝ ይላቁጣል። ጊዜው ሲሞላ ቃሪያውን፣ የሽንኩርቱንና የጦስኙን ዘንግ በጥንቃቄ አውጡና ሩዙን በሹካ ፈታ አድርጉት።

ስለ ድስቱ አንድ ነገር። በደሴቲቱ የሚወደደው ዳች ፖት የሚባል ከባድ የአሉሚኒየም ድስት ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ ይወረሳል፣ ውጭ አገር የሚሄድ ሰውም ሻንጣው ውስጥ ይዞት ይሄዳል። ወፍራም መቀመጫ ያለው ማንኛውም ድስት ይሆናል፤ ስስ ድስት ግን ከሥር ያሳርራል።

ዶሮው

ሩዙን ከመጣዳችሁ በፊት፣ ቦሎቄው እየበሰለ ሳለ ጀምሩት።

መጀመሪያ ማጥቆሪያውን ሥሩ። ብራውኒንግ ተብሎ በጠርሙስ ይሸጣል፣ ግን የተቃጠለ ስኳር ስለሆነ ቤት ይሠራል። ቡናማ ስኳሩን በትንሽ ድስት ጥዳችሁ ቀልጦ ጠቆር እስኪልና መጨስ እስኪጀምር ጠብቁ፤ ወዲያው ሩብ ኩባያ ሙቅ ውኃ በዝግታ ጨምሩ። ስለሚረጭ ፊታችሁን አርቁ። የሚወጣው ጥቁር ፈሳሽ አይጣፍጥም፤ መልክና ትንሽ መራራነት ነው የሚሰጠው።

የተቀመመውን ዶሮ ከማቀዝቀዣ አውጡ፤ የተጣበቀበትን ሽንኩርትና ቅመም አራግፋችሁ አስቀምጡት፤ አሁን ከዶሮው ጋር ከገባ ያራል። ዘይት አግሉና ብልቶቹን ሳታጨናንቁ በየተራ በሁለቱም በኩል 4 ደቂቃ ያህል ጥበሱ። ዓላማው ቆዳው እንዲጠቁር ነው፣ እንዲበስል አይደለም። ሁሉም ሲያልቅ የበዛውን ዘይት ቅዱና ያራገፋችሁትን ቅመም በቀረው ላይ አቁላሉ። ዶሮውን መልሱ፤ ካሮት፣ ካቻፕ፣ 2 ኩባያ ውኃና ከማጥቆሪያው 2 የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። መረቁ የጥቁር ቡና መልክ ካላመጣ ትንሽ ጨምሩበት። ሌላ ሙሉ ቃሪያ ካላችሁ ላዩ ላይ አኑሩ። በመካከለኛ እሳት 40 ደቂቃ ይብሰል፤ የሀበሻ ዶሮ ከሆነ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ሊፈልግ ይችላል፣ ውኃ እየጨመራችሁ ታገሡት። መረቁ ማንኪያ ጀርባ ላይ ሲለጠፍ ደርሷል።

ጎመኑና ፕላንቴኑ

ጥቅል ጎመኑን በቀጭኑ ከትፋችሁ ከካሮት፣ ከጦስኝና ከትንሽ ቅቤ ወይም ዘይት ጋር ክዳን ገጥማችሁ 8 ደቂቃ አብስሉት፤ በራሱ ውኃ ይበስላል። ፕላንቴኑ ቅርፊቱ ሊጠቁር ምንም ያልቀረው መሆን አለበት። በሰያፍ ቆርጣችሁ በመካከለኛ እሳት ወርቅማ ቡናማ እስኪሆን ጥበሱት። አረንጓዴው አይጣፍጥም።

አንዳንዱ ሰው ለእሁድ ቁርስ አኪና ሶልትፊሽ ይጨምራል። ከምዕራብ አፍሪካ የመጣው አኪ የጃማይካ ብሔራዊ ፍሬ ነው፤ ሶልትፊሹ ደግሞ በባርነት ዘመን ከሰሜን አሜሪካ በርካሽ ይመጣ የነበረው በጨው የደረቀ ዓሣ ነው። የታሸገውን አኪ ከታመነ ሱቅ ካልገዛችሁ በቀር ግን አትሞክሩት። በራሱ ጊዜ ዛፉ ላይ ያልተከፈተ አኪ ሰው ይገድላል።

ጾም ከሆነ

ይህ ክፍል ለብዙዎቻችን ሳይጠቅም አይቀርም። ሩዝና ቦሎቄው እንዳለ የጾም ነው። በዶሮው ምትክ የራስ ተፈሪያን ምግብ የሆነውን አይታል ወጥ ሥሩ። አጥባቂዎቹ ሥጋ አይነኩም፣ ጨውም ከድስት አያስገቡም፤ ጣዕሙን ከቅጠላ ቅጠልና ከኮኮናት ያወጡታል። ዱባ፣ ድንች፣ ካሮትና የተቀቀለ ቦሎቄ በኮኮናት ወተት፣ በጦስኝ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በፒሜንቶና በሙሉ ቃሪያ ጣዱ፤ ዱባው ፈርሶ መረቁን እስኪያወፍር ይብሰል። ያለ ጨው መብላት ካቃታችሁ ሎሚ ጨምቁበት።

ይህን ምግብ ስንሠራ ጥልቅ የሆነ ዝምድና እየነካን ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲያርፉ አውሮፕላን ማረፊያውን ያጥለቀለቀው ሕዝብ ከመብዛቱ የተነሳ ንጉሡ ለተወሰነ ጊዜ ከአውሮፕላኑ መውረድ አልቻሉም ነበር፤ ራስ ተፈሪያን ቀኑን እስከ ዛሬ በየዓመቱ ያከብሩታል። ንጉሡ ከዚያ በፊት በሻሸመኔ በሰጡት መሬት ላይም ከጃማይካ የመጡ ቤተሰቦች ኖረዋል፣ ልጆችም ወልደዋል። ሻሸመኔ ጎራ የምትሉ ሰዎች ይህን ወጥ ከባለቤቶቹ እጅ ለመቅመስ ሞክሩ፤ ከማንኛውም ጽሑፍ በላይ ያስተምራችኋል።

ማዕዱን ማቅረብ

ሩዙ መጀመሪያ ይቀመጣል፤ የዶሮው መረቅ ላዩ ላይ ይፈስሳል፤ ጎመኑና ፕላንቴኑ ከጎን ይሆናሉ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን አለው፣ ግን ከመነካቱ በፊት ጸሎት ይደረጋል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች በባዶ ስማቸው አይጠሩም፤ እኛ እትዬ እና ጋሼ እንደምንለው ሴቲቱን ሚስ፣ ወንዱን ማስ ብለው ነው ከስማቸው የሚያስቀድሙት። የባህሉ እናት የሚሏት ገጣሚ ሉዊዝ ቤኔትም በአገሩ ሁሉ የምትታወቀው ሚስ ሉ ተብላ ነው። ላልመጣ ዘመድ ወይም ለብቻው ለሚኖር ጎረቤት አንድ ሳህን ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ስትሠሩ ከቆጠራችሁት ሰው በላይ አስቡ።

ከምግቡ በኋላ ዶሚኖ ይወጣል። በአራት ሰው ሁለት ሁለት ሆነው ይጫወቱታል፤ ድንጋዩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ በኃይል ይመታል፣ ጩኸቱ የጨዋታው አንዱ ደስታ ነው። ሙዚቃ ከፈለጋችሁ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠሩ የሮክስቴዲና የሬጌ ዘፈኖችን ዝቅ ባለ ድምፅ ክፈቱ፤ የእሁድ ከሰዓት ወሬ በላዩ ላይ መሰማት አለበት።

የተረፈውን ሩዝ ድስቱ ውስጥ እስከ ማታ አትተዉት፤ ኮኮናት ያለበት ምግብ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል። በሰፊ ሳህን ዘርግታችሁ አቀዝቅዙና በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ አስገቡት። ዶሮው ሰኞ ከእሁዱ ይበልጥ ይጣፍጣል፤ ሩዙን በመጥበሻ በትንሽ ዘይት አግሉት እንጂ ውኃ አትጨምሩበት። ሶረሉ በጠርሙስ ታሽጎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳምንት ይቆያል።